ኮከቡን ማን ይያዘው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በአሜሪካን ፉትቦል ኳሱን ስለሚወረውረው ስለ ኳርተርባክ ከጻፍኩ ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ ሌላ ሰው ነው። ስለ ኮርነርባክ። በጣም ደስ ብሎኛል፤ እኔም በዚህ ጨዋታ ውስጥ ከሁሉም አብልጬ የማየው እሱን ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ በሰፈር ቡድናችን የግራ መስመር ተከላካይ ነበርኩ። ሜሪላንድ ከመጣሁ በኋላ ደግሞ ልጆቼ የተማሩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቡድን ሲጫወት ከተመልካች መቀመጫው አናት ላይ ቆሜ ቪዲዮ እቀርጽላቸዋለሁ። ከዚያ ላይ ቴሌቪዥን የማያሳየው ብዙ ነገር ይታያል። ስለዚህ የዛሬው አምድ ሙሉ በሙሉ የኮርነርባክ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ገርጂ ነው። ያደግኩት በእግር ኳስ ነው፤ የአሜሪካን ፉትቦል ማየት የጀመርኩት በቅርቡ ነው። በእኛ ኳስ አንድ አጥቂ ካስቸገረ አሰልጣኙ አንዱን ተከላካይ 'የትም ቢሄድ እንዳትለየው' ብሎ ይለጥፍበታል። በፉትቦልም ምርጡ ኮርነርባክ ምርጡን ሪሲቨር የሚይዝ ይመስለኝ ነበር። ግን ኮከቡ በአንድ በኩል፣ ጎበዙ ኮርነርባክ በሌላ በኩል ቆመው አያለሁ። ለምንድን ነው?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጠየቅከው የነገሩን ሁሉ ሥር ነው። ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

መጀመሪያ ለማያውቁ አንባቢያን። ሪሲቨር ኳርተርባኩ የሚወረውረውን ኳስ ሮጦ የሚቀበል አጥቂ ነው። ኮርነርባክ በሜዳው ጠርዝ ቆሞ እሱን የሚከላከል ነው። ከኮርነርባኩ ጀርባ፣ ራቅ ብለው፣ ሴፍቲ የሚባሉ ተከላካዮች አሉ። ያመለጠውን የሚደርሱበት እነሱ ናቸው።

ለኮርነርባክ በዋናነት ሁለት ዓይነት ትእዛዝ ይሰጠዋል። አንዱ ሰው በሰው ነው፦ ያንን ሰው ያዝ፣ እስከ መጨረሻው ያንተ ነው። ሌላው ዞን ነው፦ ይህን ቦታ ጠብቅ፣ ወደ ቦታህ የመጣውን ያዝ። ዞን በሚጫወት ቡድን ውስጥ ኮከቡን እየተከተሉ መሻገር ብዙም አይጠቅምም። አንተ ያየኸውም ብዙውን ጊዜ ይህ ይመስለኛል።

ሰው በሰው ለሚጫወቱትም ቢሆን መከተል ዋጋ ያስከፍላል። ኮርነርባኩ ኮከቡን ተከትሎ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሻገር ሌላው ኮርነርባክም ቦታ ይቀይራል። የሴፍቲዎቹም አቋቋም ይቀየራል። ኳርተርባኩ ደግሞ ቆሞ ይህን ያያል። ኳሱ ከመነሳቱ በፊት አንዱን ሪሲቨር ከዳር ወደ ዳር ያስሮጠዋል። አንድ ተከላካይ አብሮት ከሮጠ፣ ሰው በሰው እንደሆነ ገባው ማለት ነው። ማንም ካልተከተለው ዞን እንደሆነ ይገምታል። ጎበዙ ኮርነርባክ በመከተሉ ብቻ የቡድኑን ሐሳብ ሊያሳብቅ ይችላል።

የመሃሉ ጉዳይም አለ። ኮርነርባክ ጠርዝ ላይ ሲቆም የጎን መስመሩ ያግዘዋል። ሪሲቨሩ ከመስመር ከወጣ አበቃ። ኮከቡ ወደ መሃል ገባ ብሎ ከቆመ ግን በግራም በቀኝም መሄድ ይችላል። ይህን ቦታ ስሎት ይሉታል። ጠርዝ ላይ የሚፈራ ኮርነርባክ እዚያ ሲገባ ይቸገራል፤ ሥራው ሌላ ነው። አሰልጣኞች ይህን ስለሚያውቁ ኮከባቸውን ወደ መሃል ያስገቡታል። ኩፐር ከፕ በ2021 ለሎስ አንጀለስ ራምስ 145 ኳስ ተቀብሎ 1,947 ያርድ (አንድ ያርድ ከአንድ ሜትር ትንሽ ያንሳል) ሲያገኝ ብዙውን የሠራው ከመሃል እየተነሳ ነው።

ይህን ሁሉ ተቋቁሞ ኮከብ የተከተለ ሰው ጥራ ካልከኝ፣ በ2009 የነበረውን ዳሬል ሪቪስን እጠራልሃለሁ።

የኒው ዮርክ ጄትስ ዋና አሰልጣኝ በዚያ ዓመት ሬክስ ራያን ነበር። ገና የመጀመሪያ ዓመቱ ነው። ራያን ኳርተርባክን ማስጨነቅ ይወዳል፤ ከተለመደው አራት ሰው በላይ ይልክበታል። ወደፊት ብዙ ሰው ከላክህ ግን ከኋላ የሚቀርልህ ትንሽ ነው። ስለዚህ የተጋጣሚውን ኮከብ ብዙ ጊዜ ያለ ረዳት ለሪቪስ ተወለት። በመጀመሪያው ጨዋታ የሂውስተኑ አንድሬ ጆንሰን ያገኘው 4 ኳስና 35 ያርድ ነው። ጆንሰን ዓመቱን የጨረሰው በ1,569 ያርድ ነው፤ ከሊጉ አንደኛ። በሳምንቱ የኒው ኢንግላንዱ ራንዲ ሞስ መጣ። 4 ኳስ፣ 24 ያርድ። ጃንዋሪ 3 ቀን 2010 ደግሞ የሲንሲናቲው ቻድ ኦቾሲንኮ አንድም ኳስ ሳይዝ ወጣ። የሪቪስን ወገን «ሪቪስ አይላንድ» (የሪቪስ ደሴት) ብለው የሰየሙት ያን ጊዜ ነው። እዚያ የገባ ሪሲቨር ከቡድኑ ተለይቶ ብቻውን ይቀራል ለማለት ነው።

ቁጥሮቹ ያስደንቃሉ። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ከሌሎቹ አሥር ተጫዋቾች ጋር የተያያዘው ነገር ነው። ሪቪስ ብቻውን ኮከቡን ስለያዘ ሴፍቲው ነጻ ሆነ። ነጻ የሆነው ሴፍቲ ሌላውን ረዳ። ራያንም አንድ ተጨማሪ ሰው ወደፊት ላከ። ኳርተርባኩ ኮከቡ እስኪከፈትለት ቢጠብቅ ራሱን መሬት ላይ ያገኘዋል። ጄትስ በዚያ ዓመት በተቆጠረበት ነጥብም ሆነ ባስረከበው ያርድ ከሊጉ ትንሹ ነበር። አንድ ኮርነርባክ ስንት ያወጣል ሲባል እኔ የማየው ይህን ነው፦ እሱ በመኖሩ ሌሎቹ ምን መሥራት ቻሉ?

ማስረጃው ደግሞ ሽንፈቱ ላይ አለ። ጄትስ ከሱፐር ቦውል (ከሊጉ የዋንጫ ጨዋታ) በፊት ባለው የመጨረሻ ጨዋታ ኢንዲያናፖሊስን ገጠመ። ሪቪስ የነሱን አንደኛ ሪሲቨር ሬጂ ዌይንን ያዘ። ኳርተርባካቸው ፔይተን ማኒንግ ምን አደረገ? ዌይንን ተወው። ፒየር ጋርሶን 11 ኳስና 151 ያርድ፣ ኦስቲን ኮሊ 7 ኳስና 123 ያርድ አገኙ። ኢንዲያናፖሊስ 30 ለ 17 አሸነፈ። ሪቪስ የድርሻውን ተወጥቶ ቡድኑ ተሸነፈ።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ጎበዙን ኮርነርባክ ከኮከቡ ላይ ሆን ብሎ የሚያነሳ አሰልጣኝም አለ። ቢል ቤሊቸክ በ2014 ሪቪስን ኒው ኢንግላንድ ወሰደው። ከኢንዲያናፖሊስ ጋር ሲጫወቱ ያኔ አስፈሪው ሪሲቨር ቲ ዋይ ሂልተን ነበር። ቤሊቸክ ሂልተንን በአብዛኛው ለካይል አሪንግተን ሰጠውና ከኋላው ሴፍቲ ጨመረለት። ሪቪስን ግን ሌላው ሪሲቨር ላይ አደረገው። ሁለተኛው ኮርነርባክና ሴፍቲው ተጋግዘው ኮከቡን ያዙ፤ ሪቪስ ሁለተኛውን ለብቻው ዘጋ። 42 ለ 20 አሸነፉ። ስለዚህ ጎበዙንና ኮከቡን በተለያየ ወገን ስታይ «ፈርቶ ነው» አትበል። መጀመሪያ ሴፍቲው ወደየት እንዳዘነበለ ተመልከት።

ጥያቄ፦ «ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣ ኦሮራ፣ ኮሎራዶ የምኖር እናት ነኝ። ልጄ 16 ዓመቱ ነው፤ ለትምህርት ቤቱ ኮርነርባክ ይጫወታል። ባለፈው ጨዋታ ከራሱ በላይ ኳስ ተወርውሮ ታችዳውን (የፉትቦል ጎል) ተቆጠረበት። ሰው ሁሉ እሱን ነው ያየው። ቤት ሲመጣ ራቱን አልበላም። ቁመቱም አጠር ያለ ነው። አንጀቴን በላው። ምን ልበለው? እኔስ ጨዋታውን ሳይ ምኑን ማየት አለብኝ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎ የያዘው ሥራ ከሜዳው ሁሉ ከባዱ ነው ብዬ አምናለሁ። ሪሲቨሩ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ልጅዎ አያውቅም። ሪሲቨሩ ወደፊት ይሮጣል፤ ልጅዎ ወደኋላ እየሄደ ይጀምራል። ፊት ላይ ያለ ግዙፍ ተጫዋች ሲሳሳት ከግርግሩ ውስጥ ማንም አይለየውም። ኮርነርባክ ሲሳሳት ግን ሜዳው ባዶ ነው፤ የሚታየው እሱና ከፊቱ የሚሮጠው ሰው ብቻ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይጠይቁት፦ በዚያ ጨዋታ ከኋላው ሴፍቲ ሊረዳው ይገባ ነበር ወይ? ይህን የምለው በምክንያት ነው። በአንዳንድ የዞን ዓይነቶች ኮርነርባኩ የፊተኛውን ቦታ ብቻ ነው የሚጠብቀው። ሪሲቨሩ አልፎት ሲሄድ ለሴፍቲው ያስረክባል። ሴፍቲው ከዘገየ ታችዳውን ይቆጠራል፤ ተመልካቹ ግን አጠገቡ ያየው ኮርነርባኩን ስለሆነ እሱን ይወቅሳል። ቪዲዮ ስቀርጽ ከኋላዬ የተቀመጡ ወላጆች ያላጠፋን ልጅ ሲወቅሱ መስማት በጣም ያሳዝነኛል። ጥፋቱ የእሱ ላይሆን ይችላል።

የእሱ ከሆነ ደግሞ ራቱን አሞቀው ይስጡትና ለዚያ ምሽት ይተዉት። በማግስቱ «ኳሱ ሲመጣ ዓይንህ የት ነበር?» ይበሉት። «አይዞህ» ከሚለው ይልቅ ይህ ጥያቄ ይረዳዋል። የሚያስተካክለው ነገር እንዳለ ያውቃል።

ሲመለከቱ ኳሱን ይተዉትና ልጅዎን ይዩ። ኳሱ ለኳርተርባኩ ሲሰጥ የልጅዎን የመጀመሪያ ሁለት ሦስት እርምጃ ይመልከቱ። ቶሎ ዞሮ ሩጫ ከጀመረ ተቻኩሏል። ረጋ ብሎ ወደኋላ እየረገጠ ሪሲቨሩን ከጠበቀ ጥሩ ነው። ከዚያ ዓይኑ። ሪሲቨር በራሱና በትከሻው ያታልላል። በወገቡ ማታለል ግን ይከብደዋል፤ ሰውነት የሚሄደው ወገብ ወደሄደበት ነው። ስለዚህ ጎበዝ ኮርነርባክ ዓይኑን ከሪሲቨሩ ቀበቶ አካባቢ አይነቅልም።

ኳሱ አየር ላይ ሲሆን የሚመጣው ውሳኔ ከሁሉም ይከብዳል። ልጅዎ ከሪሲቨሩ ጋር ጎን ለጎን ከሆነ አንገቱን አዙሮ ኳሱን ይፈልግ። አንድ እርምጃ ከተቀደመ ግን መዞር የለበትም። ሲዞር ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ጭራሽ ይርቃል። ያኔ የሪሲቨሩን እጆች ነው ማየት ያለበት። እጆቹ ወደ ላይ ሲነሱ በመሃላቸው የራሱን እጅ ይሰድዳል። የዚህ ዕድሜ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚበለጡት በፍጥነት አይደለም፤ እዚህች ጋ ነው።

ሌላም የሚያጠናው ነገር አለ። ሪሲቨሩ ከጎን መስመሩ ምን ያህል ርቆ ቆመ? ወደ መሃል ቀረብ ብሎ ከቆመ ወደ ውጭ ለመሮጥ ቦታ ፈልጎ ሊሆን ይችላል። መስመሩ ላይ ተጠግቶ ከቆመ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሁልጊዜ አይሠራም፤ ግን ፍንጭ ነው። ትልልቆቹ ኮርነርባኮች ሳምንቱን ሙሉ ቪዲዮ ፊት የሚቀመጡት እንዲህ ያለውን ፍንጭ ለመልቀም ነው።

ስለ ቁመቱ አይጨነቁ። እኔ በምኖርበት አካባቢ የሚከበር ዳሬል ግሪን የሚባል ሰው አለ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 ገደማ ነው። ከ1983 እስከ 2002 ለዋሽንግተን 20 የውድድር ዘመን ተጫውቷል፤ ለሌላ ቡድን አልተጫወተም። በመጀመሪያው ጨዋታው የዳላሱ ቶኒ ዶርሴት አምልጦ ሲሮጥ ከሜዳው ማዶ ተነስቶ ደርሶበት ጣለው። 54 ኳስ ጠልፏል፤ ማለትም ለሪሲቨር የተወረወረውን ራሱ ይዟል። ሆል ኦፍ ፌም (የታላላቆቹ የክብር መዝገብ) የገባው በ2008 ነው። በ2024 ዋሽንግተን 28 ቁጥር ማሊያውን ማንም እንዳይለብሰው በክብር አስቀመጠለት። ረጃጅም ሪሲቨሮችን ሲገጥም የኖረው በእግሩ ፍጥነትና ቀድሞ በመድረስ ነው።

ደግሞስ ኦሮራ ሆነው! ፓትሪክ ሰርቴይን ሁለተኛው ዴንቨር ነው ያለው። በ2024 የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ተብሎ ተመርጧል፤ በ2019 ካገኘው ከስቴፎን ጊልሞር ወዲህ ይህን ሽልማት ያገኘ ኮርነርባክ አልነበረም። አባቱም በዚያው ሊግ ኮርነርባክ ነበር። በኦክቶበር 2024 ከላስ ቬጋስ ጋር ሲጫወቱ የጠለፈውን ኳስ 100 ያርድ ሮጦ አስቆጥሯል። ልጅዎ ያንን ሳያየው አይቀርም። እኔ ግን እንዲያይ የምፈልገው ኳስ ወደ እሱ ያልመጣባቸውን ጨዋታዎች ነው። አይቸኩልም። ሪሲቨሩ ግራ ቀኝ ሲያታልል እሱ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሪሲቨሩ ሲታጠፍ ብቻ አብሮ ይታጠፋል። ያንን እርጋታ ደጋግሞ ይመልከት።

ጥያቄ፦ «ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ቤት ቁጭ ብለን ከሁሉም የሚበልጠው ኮርነርባክ ማን ነው እያልን ስንከራከር አመሸን። አንዱ ዲዮን ሳንደርስ ነው ይላል፣ አንዱ ሪቪስ፣ እኔ ሪቻርድ ሸርማን አልኩ። ጓደኞቼ 'ሸርማን በግራ በኩል ብቻ ነው የሚቆመው፣ ኮከብ አይከተልም፣ ፈሪ ነው' አሉኝ። ፍርድ ስጡን።»

መልስ፦ ስለ ሸርማን ከጓደኞችህ ጋር አልስማማም። ሸርማን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወገን መቆሙ እውነት ነው። ግን የቡድኑ የሲያትል አሠራር ያ ነበር። ሦስት ሰዎች የኋላውን ሜዳ ለሦስት ከፍለው ይጠብቃሉ፤ መሃሉን ሴፍቲው፣ ጠርዞቹን ሁለቱ ኮርነርባኮች። ሁሉም ቦታውን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ፈጣን ነው፣ አይደናገርም። ሸርማን 1 ሜትር ከ90 የሚደርስ፣ ክንደ ረጅም ሰው ነው። ከጎን መስመሩ ጋር አጣብቆ ሲይዝህ የምትሄድበት የለህም።

አሁን አንድ ጨዋታ ላስታውስህ። በሴፕቴምበር 2014 የዓመቱ መክፈቻ ላይ ግሪን ቤይ ሲያትል መጣ። የግሪን ቤይ ኳርተርባክ አሮን ሮጀርስ በሸርማን በኩል አንድም ኳስ አልወረወረም። አንድም! ምርጡን ሪሲቨሩን ጆርዲ ኔልሰንን ከሸርማን አርቆ በሌላው ወገን አቆመው። ሲያትል 36 ለ 16 አሸነፈ። የሲያትል አሰልጣኞች ኳሱ ከሜዳው በአንዱ ወገን ብቻ እንደሚመጣ ካወቁ ሥራቸው ምን ያህል እንደሚቀልል አስበው። ሸርማን ኮከቡን ሳይከተል ኮከቡ የሚቆምበትን ቦታ ወሰነለት።

በጃንዋሪ 2014 ከሳን ፍራንሲስኮ ጋር በነበረው የመጨረሻ ደቂቃ ደግሞ ወደ እሱ ተወረወረ። ለማይክል ክራብትሪ የተላከውን ኳስ ዘሎ በጣቱ ነካው፤ የቡድን ጓደኛው ማልኮም ስሚዝ ያዘው። ሲያትል 23 ለ 17 አሸንፎ ሱፐር ቦውል ገባ፣ ዋንጫውንም ወሰደ።

ግን ፍርድ ካልከኝ፣ ለአንድ ዓመት ብቻ ከሆነ 2009ን ለሪቪስ እሰጣለሁ። ለሙሉ ዕድሜ ከሆነ ዲዮን። ዲዮን በ1994 ለሳን ፍራንሲስኮ 6 ኳስ ጠልፎ 3ቱን አስቆጥሯል፤ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይም ተባለ። በዚያ ዓመት ከሳን ፍራንሲስኮ፣ በቀጣዩ ከዳላስ ጋር ዋንጫ አነሳ። ሰው ጥሎ ማስቆም እንደማይወድ አውቃለሁ፣ ይህንን አልደብቅም። ነገር ግን ኳሱ አየር ላይ ሳለ እንደሱ የሚደርስ አላየሁም። ሁለት እርምጃ የተቀደመ መስሎ ኳርተርባኩን ያስጎመጀዋል፤ ኳሱ ሲወረወር ይደርሳል።

በክርክራችሁ ግን የተጠለፈ ኳስ ብዛት ብቻ አትቁጠሩ። ናምዲ አሶምዋ በ2006 ለኦክላንድ 8 ጠለፈ። በ2007፣ በ2008ና በ2009 በየዓመቱ አንድ አንድ ብቻ። ተዳክሞ ነው? አይደለም። ወደ እሱ የሚወረውር ስለጠፋ ነው። በ2011 ፊላደልፊያ ሄዶ ሌላ ዓይነት ሥራ ሲሰጡት ግን ያው ሰው እንደ ድሮው አልሆነም። ኮርነርባክን ከቡድኑ አሠራር ነጥሎ መመዘን የማይቻለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ «ሪሲቨሩን ትንሽ ሲነኩት የዳኛው ቢጫ ጨርቅ (የጥፋት ምልክት) ይወረወራል። ድሮም እንዲህ ነበር?» (ከሲያትል አንባቢ)

መልስ፦ አልነበረም። ከ1978 በፊት ኮርነርባክ ሪሲቨሩን ከዛሬው ይልቅ ብዙ መግፋትና መጎሸም ይችል ነበር። የፒትስበርጉ ሜል ብላውንት በዚህ የታወቀ ነው። ግዙፍ ሰው ነው፤ በ1975 11 ኳስ ጠልፏል። በ1978 ሕጉ ተቀየረ። ኳሱ ከተነሳበት መስመር 5 ያርድ ካለፈ በኋላ መንካት ተከለከለ፤ ሕጉንም በብላውንት ስም ይጠሩታል። ከ2004 ጀምሮ ደግሞ ዳኞች ጠበቅ እንዲያደርጉ ታዘዙ። ከዚያ በፊት በነበረው ጃንዋሪ ኒው ኢንግላንድ የኢንዲያናፖሊስን ሪሲቨሮች አንቆ ይዞ አሸንፎ ነበር፤ ታይ ሎው ብቻውን 3 ኳስ ጠልፏል።

ከ5 ያርድ በኋላ መንካት 5 ያርድና አዲስ አራት ሙከራ (አጥቂው 10 ያርድ ለመሙላት የሚሰጠው ዕድል) ያስከፍላል። ኳሱ አየር ላይ ሳለ ማደናቀፍ ግን የከፋ ነው፤ ጥፋቱ የተሠራበት ቦታ ድረስ ይሰጣል። 40 ያርድ ርቀት ላይ ከሆነ 40 ያርድ ነው። በኮሌጅ ከ15 ያርድ አይበልጥም። እኔ የኮሌጁ ይሻላል ባይ ነኝ። አንድ የዳኛ ግምት ግማሽ ሜዳ መስጠት የለበትም። ግምት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በጃንዋሪ 1995 ዳላስና ሳን ፍራንሲስኮ ሲጫወቱ ዲዮን መጨረሻ አካባቢ የዳላሱን ሪሲቨር ማይክል ኧርቪንን ሲነካው ቢጫ ጨርቅ አልወጣም። የዳላሱ አሰልጣኝ ባሪ ስዊትዘር ተቆጥቶ ሲሟገት እሱ ራሱ ተቀጣ። ዳላስ 38 ለ 28 ተሸነፈ። የዳላስ ደጋፊዎች እስካሁን ያነሱታል።

ጥያቄ፦ «ኮርነርባክና ሪሲቨር ለምን ይሰዳደባሉ? ልጄ ይህን እንዳይማር እፈራለሁ።» (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው። ጨዋታውን ሙሉ ፊት ለፊት የሚጋፈጡ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ከጨዋታው ሐሳብ ለማውጣት ይሞክራል። በዲሴምበር 2015 የካሮላይናው ጆሽ ኖርማንና የኒው ዮርክ ጃያንትሱ ኦዴል ቤከም ጁኒየር የገጠሙበትን ጨዋታ ያሳዩት። ቤከም ገና በመጀመሪያው አምልጦ ብቻውን የነበረበትን ኳስ ጣለ። ከዚያ ቁጣው በረታ። በዚያ ጨዋታ ሦስት ጊዜ በሻካራ ጨዋታ ተቀጣ፤ በኋላም አንድ ጨዋታ ታገደ። ኖርማንም ገንዘብ ተቀጥቷል። ቤከም መጨረሻ ላይ አቻ የሚያደርግ ታችዳውን አስቆጥሯል፣ ካሮላይና ግን 38 ለ 35 አሸነፈ። ያን ሁሉ ጊዜ በጠብ ባያባክን ኖሮ ምን ይሠራ ነበር እያልኩ አሁንም ይቆጨኛል። ሁለቱም ድንቅ ተጫዋቾች ነበሩ። በማግስቱ የተወራው ግን ስለ ጠቡ ነው።

ጥያቄ፦ «ዱባይ ነው የምሠራው። ሪሲቨር ከኮርነርባክ ለምን ይበልጥ ይከፈለዋል?»

መልስ፦ ኳስ የሚይዝ ሰው ነጥብ ያመጣል፣ ማሊያ ያሸጣል። በ2025 የሲንሲናቲው ጃማር ቼስ ለ4 ዓመት 161 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። በዚያው ዓመት ሶስ ጋርድነር ከጄትስ ጋር ለ4 ዓመት 120.4 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። ጋርድነር ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ኢንዲያናፖሊስ ተሸጋግሯል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ኮርነርባኮችም በ2025 ለመጀመሪያ ጊዜ በዓመት 30 ሚሊዮን ደርሰዋል። በር የከፈተው የሂውስተኑ ዴሪክ ስቲንግሊ ነው፤ 3 ዓመት፣ 90 ሚሊዮን።

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር ሆኜ ልከታተል እፈልጋለሁ። በስንት ሰዓት ነው? ኮርነርባኩንስ መቼ ልጠብቅ?»

መልስ፦ ዋናዎቹ ጨዋታዎች እሑድ ናቸው። በምሥራቅ አሜሪካ ከቀኑ 7 ሰዓት የሚጀምሩት በእናንተ ከምሽቱ 2 ሰዓት ናቸው። በኖቬምበር መጀመሪያ እዚህ ሰዓት ሲቀየር ወደ 3 ሰዓት ይሄዳል። የማታዎቹ ግን ለእናንተ ንጋት አካባቢ ስለሚሆኑ በድጋሚ ማየት ይሻላል።

ለአጥቂው ቡድን አራት ሙከራ ይሰጠዋል። ሦስተኛውን ጠብቂ። 10 ያርድ ለመሙላት 5 ወይም 6 ሲቀረው መወርወሩ አይቀርም፤ ተከላካዩም ብዙ ጊዜ ወደ ሰው በሰው የሚሄደው ያኔ ነው። ሌላውን ጊዜ ከወገኑ የማይንቀሳቀስ ኮርነርባክ እንኳ ለዚያች ሙከራ ተሻግሮ ኮከቡ ፊት ሊቆም ይችላል። ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ያሉትን ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ተጠቀሚ፦ ኮከቡ የት ቆመ፣ ፊቱ ማን አለ፣ ሴፍቲው ወደየት አዘነበለ። ካሜራው ወዲያው ኳርተርባኩን ስለሚከተል ከዚያ በኋላ አታገኚያቸውም። የድጋሚ ምስሉ ሲመጣ ግን ሁለቱን ከላይ ያሳዩሻል።